ሁለተኛዋ ነጭ ዶሮ

የመንደራችን ሊቀመንበር አምቦ ግቢያችን ሲገባ ዓይኑ ያረፈው ዶሮዬ ላይ ነበር። ለምን እንደመጣ ያኔውኑ ገባኝ።

እዚህ ባታንጋስ አውራጃ ውስጥ ግንባታ ሲጀመር የመጀመሪያው ምሰሶ ጉድጓድ ላይ ነጭ ዶሮ ይታረዳል። ደሙ ሠራተኞቹን ከአደጋ ይጠብቃል። አምና ባሕሩ ዳር አዲስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሊሠራ ነው ተብሎ የታረደችው ዶሮ የእኔ ነበረች። ደስ እያለኝ ነው የሰጠኋት። ልጄ ፓኪቶ አስም አለበት። መብራት በጠፋ ቁጥር መድኃኒቱን የሚስብበት ማሽን ይቆማል፤ በበጋ ደግሞ መብራት የማይጠፋበት ቀን የለም። ማመንጫው ሳያልቅ ልጄን የምቀብረው ይመስለኛል። ዶሮዋ ከታረደች ወዲህ አንድም ምሰሶ አልቆመም። ጉድጓዱ ውሃ አቁሮ ትንኝ ይፈለፈልበታል።

"አበልጄ፣" አለኝ አምቦ። የፓኪቶ ክርስትና አባት ነው። "የማመንጫውን ፈቃድ ሌላ ኩባንያ ገዝቶታል። ነገ እንደገና የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል። ነጭ ዶሮ ያለሽ ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ።"

"የመጀመሪያዋ ደም አልበቃም?"

"እሷማ የታረደችው ለድሮው ባለቤት ነው።"

አዲሱ ባለቤት ማን እንደሆነ ስጠይቀው አንገቱን አከከ። ከባሕሩ ማዶ ያለው የአሮጌው የከሰል ማመንጫ ጌታ ነው አለኝ። አብሮት የመጣው የኩባንያው ወጣት መሐንዲስ ያቀረብኩለትን የሩዝ ቂጣ እየበላ ነበር። ሥራው መቼ እንደሚያልቅ ጠየቅሁት። አፉን ሳይጠርግ፣ ጎበዝ ተማሪ ሒሳብ እንደሚያስረዳ አስረዳኝ። ኤሌክትሪክ በየሰዓቱ በጨረታ ይሸጣል። ሲያጥር ዋጋው ይወጣል፤ አዲስ ማመንጫ ከገባ የሁሉም ዋጋ ይወርዳል፣ የአሮጌው የከሰሉም ጭምር። ስለዚህ ፈቃዱ ሌላ እጅ እንዳይገባ ይያዛል። ሥራ ተጀምሯል ለማለት ድንጋይ ይቀመጣል፣ ዶሮ ይታረዳል። ግንባታው ግን ዋጋው ሲያዋጣ ይደረስበታል።

"ዕቅዱ ይኼ ነው፣" አለኝ፣ ሁለተኛ ቂጣ እያነሳ።

"እስከዚያ ልጄ በምን ይተንፍስ?"

"ጄኔሬተር ይግዙ እንጂ እማማ። ትንንሾቹን ኩባንያችን ያከፋፍላል።"

እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። ቂጣውን ከነሳህኑ ከፊቱ አነሳሁ።

ወዲያው ጓዳ ውስጥ የፓኪቶ ማሽን ጉርምርምታ ቀጥ አለ። መብራት ሄደ። መሐንዲሱ በያዘው ማህደር ፊቱን ያራግብ ጀመር።

ሮጬ ገብቼ ልጄን አቀናሁት፤ ጀርባውን ትራስ አስደገፍኩት። ከዚያ ወጥቼ ዶሮዋን ያዝኩና ምድጃው አጠገብ አረድኳት። አምቦ ራሱን ያዘ።

"ነገ ለመሠረት ድንጋዩ የሚመጡትን እንግዶች ምን ልበላቸው?"

"ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቁሙ። ትንኞቹ ደም ማውጣት ያውቁበታል።"

ዶሮዋን በዝንጅብልና በጥሬ ፓፓያ ቀቀልኳት። ፓኪቶ ጎድጓዳ ሳህኑ ላይ አጎንብሶ፣ ከመረቁ በፊት እንፋሎቱን ሳበ። ጆሮዬን ጀርባው ላይ አደረግሁ። ደረቱ አሁንም ያፏጫል።