ከመኪናው ሥር የታየው

አክሱማዊት የሸሚዟን አንገትጌ ተኩሳ ወደ እጅጌው ስትሻገር አከራይዋ ጋሽ ባርናባስ ሳያንኳኩ ገቡ። ከኋላቸው ሙሐሲን ነበር፤ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ።

«ካውያውን አስቀምጥና ቁጭ በል» አሏት።

ጋሽ ባርናባስ የቡሌ ሰው ናቸው። በጌዴኡፋ ሲናገሩ ቃላቸው እንደ ወንዝ ይፈሳል፤ በአማርኛቸው ግን ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀጥራ ግቢያቸው ከገባች ጀምሮ አንድም ቀን «አንቺ» ብለዋት አያውቁም። እሷም እንደ ቁልምጫ ትቆጥረዋለች።

ካውያውን አቆመችው። ሙሐሲን ዛሬ እዚህ ቤት መገኘት አልነበረበትም።

በጦርነቱ ጊዜ ያሳደጋትን አጎቷን ዘርዓብሩክን ልትጠይቅ ወደ ሰሜን ሄዳ መንገድ ተዘጋባት። ዘርዓብሩክ ወፍጮ ቤት ነበረው። የዲላው ሾፌር ሙሐሲንም ጭነት አድርሶ ሊመለስ ሲል እዚያው ከተማ መንገድ ተዘግቶበት ስለቀረ፣ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪናውን ወፍጮ ቤቱ ደጅ አቁሞ የአጎቷ እንግዳ ሆኖ ከረመ። አንድ ጠዋት የታጠቁ ሰዎች መጡ። ወንዶቹን ከወፍጮ ቤቱ ፊት አሰለፏቸው፤ አዛዡ ትእዛዝ ሰጠ፤ ዘርዓብሩክም ከወደቁት አንዱ ሆነ። ያንን በዓይናቸው አይተው በሕይወት የተገኙት አክሱማዊትና ሙሐሲን ብቻ ናቸው።

አሁን፣ ከዓመታት በኋላ፣ የጦርነቱን ወንጀሎች ለክስ የሚያዘጋጅ የዓቃቤ ሕግ ቡድን ቃላቸውን ሊቀበል ዲላ ገብቷል። ቀጠሮው ነገ ነው። ዓቃቤ ሕጓ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በስልክ አንድ ነገር አጥብቀው አስጠንቅቀዋታል፦ «ከሌላው ምስክር ጋር ስለ ጉዳዩ እንዳትነጋገሪ። ተመካክረው መጡ ከተባለ የአጎትሽ ጉዳይ ከክሱ ሊወጣ ይችላል።»

«ለምሳ ነው የጠሩኝ» አለ ሙሐሲን፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ወላሂ፣ ቆጮ አለ ብለው ነው ያመጡኝ።»

«ቆጮውም አለ» አሉ ጋሽ ባርናባስ። «መጀመሪያ ግን ነገር። እኔ ሶንጎ ላይ ከሽማግሌ ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ስንት ሙግት አይቻለሁ። አንድ ቤት ሁለት አፍ ይዞ ሲመጣ ‹ሂዱ፣ መጀመሪያ እናንተው ተስማሙ› ብለን ነው የምንመልሰው። እናንተ የአንድ ሟች ሰዎች ናችሁ። አንድ አፍ ይዛችሁ ሂዱ።»

«ጋሼ፣ ተከልክለናል እኮ።»

«ከአባት ጋር መነጋገርን ማን ነው የሚከለክል?»

ከሰሜን ከስታና ድምፅዋ ጠፍቶ ስትመለስ ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ወተት አስቀምጠው፣ ሳያናግሯት ይሄዱ የነበሩት እኚሁ ሰው ናቸው። ውጡልኝ አይባሉ።

«ያ አዛዥ ትእዛዝ ሲሰጥ እንዴት ነበር?» ብለው ጀመሩ ሽማግሌው።

«ቆሞ ነበራ» አለ ሙሐሲን።

«ተቀምጦ» አለች አክሱማዊት፣ ሳታስበው። «የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር።»

«ኧረ ቆሞ ነው! ከአጠገቤ እኮ ነው የነበረው። ባስነጥስ ይማርህ ይለኝ ነበር!»

«ተቀምጦ ነው፣ ሙሐሲን።»

ጋሽ ባርናባስ ጉልበታቸውን መቱ። «ይኸው! ለዚህ ነው ያመጣሁት። ቅርብ የነበረ ይበልጣል። ቆሞ ነበር። አለቀ።»

ሙሐሲን ወለሉን አየ። እሷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ቆጮው ቀረበ፤ ሽማግሌው ብቻ በደንብ በሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ቡድኑ ወደተከራየው ቤት ስትደርስ ሽመክት የሚባለው መርማሪ ሙሐሲንን ወደ ጓዳው ክፍል አስገብቶት ነበር። እሷን ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ተቀበሏት። ሰፊ ጠረጴዛ፣ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው የጠረጴዛ ልብስ፣ አንድ መስኮት። አክሱማዊት ከወፍጮ ቤቱ ፎቅ ሆና ያየችውን ከመጀመሪያው ጀምራ ተናገረች። ድምፅዋ አልከዳትም፤ እዚያ ጥያቄ ላይ እስኪደርሱ ድረስ።

«ትእዛዙን ሲሰጥ አዛዡ እንዴት ነበር?»

«ቆሞ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ቀላል ቃል ነው። ሙሐሲንንም ውሸታም አያስብለውም፣ ሽማግሌውንም አያሳፍርም። ግን ያ ሰው በዓይኗ ውስጥ አልነሳም አላት። እነዚህን ሁሉ ዓመታት እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ነበር፤ ሰዎቹን ያስገደለው ለመነሳት እንኳ ሳይቸገር መሆኑ።

«ተቀምጦ ነበር» አለች። «ጆንያ ላይ። አንዴም አልተነሳም።» ከዚያ ትንፋሽ ሳትወስድ ጨመረች። «ደግሞ ትናንት ከሙሐሲን ጋር ተገናኝተናል። ስለዚሁ አውርተናል። ቆሞ ነበር እንድንል ተስማምተን ነበር።»

የወይዘሮ ፀሐይወርቅ እስክሪብቶ ቆመ።

«ማን ነው ያገናኛችሁ?»

«አከራዬ ናቸው። ክፋት የለባቸውም።»

«ስለ ክፋት አልጠየቅሁሽም» አሉና ተነሥተው ወጡ። በሩ ተዘጋ።

ብቻዋን ቀረች። ውጭ ባጃጆች ይንጫጫሉ፤ አንዷ ሴት ሙዝ ገዥ ትጣራለች። አጎቴን በገዛ አፌ ለሁለተኛ ጊዜ ቀበርኩት፣ አለች በሆዷ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት። ሙሐሲን ውሸታም አይደለም። ያን ጠዋት ከመኪናው ሥር ተደብቆ ተኝቶ ነበር፤ እሷም ከላይ ሆና ሲገባ አይታዋለች። ታዲያ እንዴት ነው ቆሞ ያየው?

ግራ ቀኟን አየች። ማንም የለም። የተተኮሰ ነጭ ሸሚዟን ረስታ ወለሉ ላይ በደረቷ ተኛች፤ በጠረጴዛው ልብስና በመሬቱ መካከል ባለችው ቀዳዳ ማዶውን ተመለከተች። አቧራ። የመስኮቱ ግድግዳ ግርጌ። በሩ ተከፈተ። አንድ የሴት ጫማ፣ አንድ የወንድ ጫማ ገቡ። የሴቲቱ ጫማ ወደ መስኮቱ ሄደና ግድግዳው አጠገብ ቆመ።

«የት ሄደች?» አለ የሽመክት ድምፅ።

«እዚህ ነኝ» አለች ከጠረጴዛው ሥር። «ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ እንዳይንቀሳቀሱብኝ። ቆመው ነው ወይስ ተቀምጠው?»

የወንዱ ጫማ ወደ ጠረጴዛው ሁለት እርምጃ ቀረበ።

«የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጫለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?»

አክሱማዊት ሳቋ መጣባት። ሳቋን ይዛ፣ አቧራ በአቧራ ሆና ወጣች። «ሙሐሲን ያየው የአዛዡን ከስክስ ጫማ ብቻ ነው። ከመኪና ሥር ሆኖ ለሚያይ የተቀመጠና የቆመ ሰው አንድ ነው።»

ሽመክት አፉን ሊከፍት ሲል ወይዘሮዋ ጣታቸውን አነሡበት። «አንዲት ቃል እንዳትናገር።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ሊደብቁት ያልቻሉት ነገር ነበር። «እሱ ያለውን ልነግርሽ አልችልም። መገናኘታችሁን ግን እሱም ሳይጠየቅ ነግሮናል። ይህ መዝገቡ ውስጥ ይገባል። የተከሳሹ ጠበቃም ያፋጥጥሻል፤ ያን ጊዜ ልክ እንደዛሬው ትመልሺለታለሽ። ብትደብቂው ኖሮ ነበር ጉድ የሚፈላብን። እኔን በዚህ ሥራ የሚያስፈሩኝ አንድ አስተማሪ እንዳስጠናቸው ልጆች አንድ ዓይነት ቃል ይዘው የሚመጡ ምስክሮች ናቸው።»

«የአጎቴ ጉዳይስ?»

«ክሱ ውስጥ ነው። ተቀመጪ፤ ገና ብዙ አለን።»

ተቀመጠች። ከስንት ጊዜ በኋላ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ድረስ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስትደርስ ጋሽ ባርናባስ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ከቡሌ የተላከላቸውን እሸት አተር በሳህን ይፈለፍሉ ነበር። ሸሚዟን አይተው ደነገጡ።

«መቱህ እንዴ?»

«ኧረ አልመቱኝም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ አንድ አፍ ሆናችሁ?»

«ሁለት አፍ ሆነን። ተቀበሉን። የትናንቱንም ነግረናቸዋል።»

ሽማግሌው እጃቸው አተሩ ላይ ቀረ። «እኔ ላበላሽ ነበር?»

«ትንሽ ቀርቶዎት ነበር» አለች፣ አጠገባቸው ቁጭ እያለች። «ግን አልተበላሸም። ክሱ ይቀጥላል።»

«ተመስገን!» አሉ። አየር ሳቡ፣ አሰቡበት፣ ራሳቸውን በግርምት ነቀነቁ። «ሁለት አፍ የሚቀበል ሽማግሌ! እነዚህ ሰዎች ሶንጎ ቢመጡ ያስቸግሩናል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ለእኔ ብቻ ንገረኝ፤ እውነት ተቀምጦ ነበር?»

«ጋሼ፣ ተከልክያለሁ» አለች። ትናንት ያቃታት ቃል ዛሬ እንደ ሰላምታ ቀለላት።

«እሺ፣ እሺ። አተር አልተከለከለም።»

ከአጥሩ ውጭ የጭነት መኪና ጥሩምባ ጮኸ። «ጋሽ ባርናባስ!» አለ የሙሐሲን ድምፅ። «ችሎቱ እስኪያልቅ ምሳዎን አልበላም! ቢለምኑኝም አልገባም!»

«ማን ለመነህ!» ብለው መለሱለት። «ቆጮዬን ጨርሰህ ሄደህ!»

«እርስዎ ነዎት የጨረሱት!»

መኪናው እየሳቀ እንደሚሄድ ሰው እየተንገጫገጨ ወደ ዋናው መንገድ ወረደ። አክሱማዊት እጅጌዋን ሰብስባ ከክምሩ አንድ እፍኝ አነሣች። ፀሐይ ከኮባው ቅጠል ጀርባ እስክትገባ ሁለቱም ፈለፈሉ። አተሩ አንድ በአንድ ሳህኑ ውስጥ ይወድቃል፣ ገለባው እግራቸው ሥር ይከመራል። የመጨረሻውን እሸት በአውራ ጣቷ ሰንጥቃ አራገፈችው፤ ገለባውን ጠራርጋ ለግቢው በጎች ሰጠች፤ ሳህኑንም በክዳን ሸፍና ኩሽናው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።