ዳገት የናቀ ሞተር

«ገፍተን እናውጣት እንጂ!» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ። ቁልፉን ደጋግሞ ቢያዞርም መኪናይቱ ማላዘን ብቻ ሆነ ሥራዋ። ግቢው ጠባብ ነው፤ እሷ ካልወጣች ለለቀስተኛው አግዳሚ የሚደረደርበት ቦታ የለም።

በረንዳው ላይ ሁለት ጎረቤታሞች ተጠጋግተው ያንሾካሹካሉ።

«ጣውንቷ እኮ ናት። ሰውዬው ዕድሜውን የፈጀው እሷ ሥር ተኝቶ ነው።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች!»

ሰምታለች። ባሏን ትናንት የቀበረችው ሴት በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። አልከፋትም። «ጣውንቴ» የሚለውን ስም ለመኪናይቱ ያወጣችላት ራሷ ናት፤ መጀመሪያ እየሳቀች፣ በኋላ ግን ሳትስቅ።

ባሏ መነጽር ሠሪ ነበር፤ ቃል በሚዛን የሚያወጣ ዝምተኛ። መኪናዋ ደግሞ ባለ አራት በር፣ ትንሽዬ፣ ከልጃቸው በዕድሜ የምትበልጥ፣ ድሮም ጉልበት ያልፈጠረባት። የሚስትየዋ እናት ቤት ዳገት ላይ ነው። እሑድ እሑድ ሊጠይቋቸው ሲሄዱ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ የመኪናዋ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ያኔ ሚስት ትወርዳለች። እሱ በአንደኛ ማርሽ ያዘግማል፣ እሷ ከጎኑ በእግሯ ትሄዳለች፤ በተከፈተው መስኮት ያወራሉ። ቤት ውስጥ የታሰረው ምላሱ እዚያ ላይ ይፈታል። ስለ ልጅነቱ፣ መነጽሯን አናቷ ላይ ሰክታ «ጠፋብኝ» ብላ ስለመጣች ደንበኛው፣ ምኑ ቅጡ! አንዴማ በሳቅ ብዛት ቦይ ሊገባ ነበር።

አማቱ ግን አንድ እሑድ በሩ ላይ ተቀብለው፣ «ልጄን በመኪና ወስደህ በእግሯ ትመልስልኝ ጀመር?» አሉት። ቀልድ ነበር። እሱ ግን ቀልዱን ዋጠው፤ ዋጠውና አልወረደለትም። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲመለስ ውሎው የመኪናዋን ኮፈን መክፈት ሆነ።

«በቤንዚን አፍነሃታል፤ ትንሽ ትተንፍስ» አለ ከውጭ የመጣ ድምፅ። የባሏ ጓደኛ፣ መካኒኩ ነው። የሞተር ሕመም በድምፁ ስለሚለይ ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። የሚስትየዋን ትከሻ አቅፎ አጽናናት፤ ወንድምየውን አግዳሚ እንዲያመጣ ላከውና ኮፈኑን ከፈተ።

«ሁለታችሁ እዚህ ውስጥ ምን ስትሠሩ ኖራችሁ?» አለችው ጠጋ ብላ።

«ያልሠራነው ምን አለ፣ እትዬ! ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ቶርኖ ቤት አስፍቀን ዝቅ አደረግነው፣ ነዳጁን ጥብቅ አድርጋ እንድትጨምቅ። ቤንዚን የሚያጠጣትን ካርቡራተር በሰፋ ቀየርነው። ማርሚታውንም አሰፋነው፣ ጭሷ እንዳያንቃት። ዳገቱን የወጣችው ያኔ ነው።»

«አውቃለሁ። አብሬው ነበርኩ።»

ያን ቀን ሞተሩ እያገሳ፣ አንድ ወግ ሳይጀመር ጫፍ ደረሱ። ባሏ ዞር ብሎ «እንዴት ነው?» አላት። «ጥሩ ነው» አለችው። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ጆሮ እየሳቀ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቶ ጠረገ። «በማግሥቱ መጥቶ ‹አልበቃትም› አለኝ። ‹የሚስቴ ፊት አልፈካም› አለ። ‹አንተ ሰው፣ መኪናይቱ ክንፍ ብቻ ነው የቀራት› ብለውም በጄ አላለም። ቫልቩን እንደገና፣ ካርቡራተሩን እንደገና። እስክትስቂ ድረስ ነው እኮ ሲለፋ የኖረው።»

ሴትየዋ የመኪናይቱ የፊት መከላከያ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ እኮ መውረዱን ነበር የምወደው» አለች። «በእግሬ ስሄድ፣ ሲያወራኝ።»

ጆሮ ከኮፈኑ ሥር ቀና አለ። «ታዲያ ምነው አልነገርሽው፣ እትዬ?»

«ያን ያህል ለፍቶ? በምን አፌ!»

ጆሮ ወደ ሥራው ዞረ። ካንዴላውን መለሰ፣ ኮፈኑን ዘጋ፣ ገብቶ ቁልፉን አንዴ አዞረ። ሞተሩ ተነሣ፤ ድምፁ የተስተካከለ፣ የጠገበ ነበር። በረንዳው ላይ ሹክሹክታው ቆመ። ለቀስተኞች ከበሩ ውጭ መሰብሰብ ጀምረዋል።

«ቶሎ አውጣት፣ ሰው ቆሟል!» አለ ወንድምየው አግዳሚውን ተሸክሞ።

«ይጠብቁ» አለች ሴትየዋ። «ሞተሩ ትንሽ ይዙር።»

ተነሥታ መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። ቆርቆሮው ከመዳፏ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ቀስ በቀስ ሞቀ፣ ከዚያም ፈጃት። እጇን አላነሣችም።