ከል ለብሼ ትርኢት የሄድሁ ዕለት

እና እስክስታው መቼ ነው ይለኛል ሀዲስ፣ ሦስተኛ ጊዜው ነው፣ አሥር ዓመት ሞልቶት ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለበትም፣ አላውቅም ልጄ እለዋለሁ፣ እውነቴን ነው፣ መድረኩ ላይ አንዲት ወጣት በባዶ እግሯ ቆማለች፣ ከበሮ የለ፣ ማሲንቆ የለ፣ ከድምፅ ማጉያው የሚሰማው የሰው ትንፋሽ ነው፣ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል። ያው ነው።

ከኋላችን ያለችው ሴትዮ ጥቁር ልብሴን ታያለች፣ ሳልዞር አውቃለሁ፣ ባሌ አገኘሁ ከሞተ ሰባት ወሩ፣ ሚስቱ ከሏን ሳታወጣ ልጆቹን ይዛ ዳንስ፣ ባለ ባጃጁም ከዘንዘልማ ስንነሣ እግዜር ያጥናሽ እህቴ፣ ልቅሶው ወዴት ነው ብሎኝ ነበር፣ ሐይቁ ዳር ያለው አዳራሽ ስለው በመስታወቱ አየኝና እዚያ ደሞ ማን ሞተ አለ፣ ሀዲስ ሳቀ፣ እኔም መሳቅ ነበረብኝ። አልሳቅሁም።

እማማ ደግሞ በስልክ፣ የአገኘሁ እናት፣ ከቆላ ድባ፣ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ጭፈራ ቤት? ጭፈራ አይደለም እማማ፣ ትርኢት ነው። ትርኢትስ ምንድር ነው? እኔም አላውቀው፣ ከትምህርት ቤት ወረቀት መጥቶ ነው፣ በመሆኑም ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው በሰዓቱ እንዲገኙ በአክብሮት እናሳስባለን፣ ትንሿ ልጄ ዜማ ወረቀቱን ስታመጣው እሺ አልኋት፣ ሰባት ወር ሙሉ የጠየቁኝን ሁሉ እሺ እላለሁ፣ ቢሮ እሺ፣ ዕድር እሺ፣ እምቢ ለማለት አንድ የሚፈልጉት ነገር ያሻል፣ እኔ ምንም አልፈልግ። እማማም፣ አንቺስ ድሮም አላለቀስሽለት፣ አሉኝ።

አላለቀስሁም። በልቅሶው ዕለት እሳቸው ራሳቸውን መሬት ላይ ሲጥሉ አራት ሴት ያዛቸው፣ ይብቃዎት፣ ይብቃዎት እያለ፣ ከእኔም ኋላ ሴቶች ቆመው ነበር፣ እጃቸውን አዘጋጅተው፣ አሁን ትወድቃለች ብለው፣ ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ እኔ የድንኳኑን ገመድ አያለሁ፣ ቋጠሮው ላልቷል፣ አንድ ሰው ቢያጠብቀው እላለሁ በሆዴ፣ ባሌ ሞቶ የማስበው የድንኳን ገመድ! ሴቶቹ ሲደክማቸው ተቀመጡ፣ አንዷ ድንጋይ ናት አለች፣ ዜማ ብቻ አልተቀመጠችም፣ ከኋላዬ ቆማ አክስቷን ሩሐማን ትጠይቃለች፣ አያቴን ለምንድን ነው የሚይዟቸው? የወደቀ ሰው ካልያዙት ይጎዳል የኔ ልጅ፣ ብብቱ ሥር ጠበቅ አድርጎ ይዞ በቃህ በቃሽ ማለት ነው።

ወጣቷ ወደቀች። ተነሣች፣ ደረቷን በሁለት እጇ መታች፣ ደግማ ወደቀች፣ ወለሉ ይጮሃል፣ ልጆች ይስቃሉ፣ ከጥግ አንድ ጎረምሳ ይቺ ደሞ ነካ አርጓታል እንዴ ይላል፣ ሌላው ዝም በል ባክህ አርት ነው ይለዋል፣ እኔ ጉልበቷን ያማት ይሆን ብቻ እላለሁ፣ እሱንም አዝኜ አይደለም፣ እንዲያው፣ እጄ ወደ ጎን ሄደ፣ ወንበሩ ባዶ ነው።

እህትህስ? እለዋለሁ፣ እማ እያት፣ ጉድ ነው፣ ይላል ሀዲስ፣ ዜማ በጎን ባለው ደረጃ ወጥታ መድረኩ ላይ ትሄዳለች፣ ጫማዋ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ አስተናባሪው ማዘር ልጅሽን ያዢያት እንጂ ይለኛል፣ እኔ ከወንበሬ አልነሣም፣ ወጣቷ ጉልበቷን አጥፋ ልትወድቅ ስትል ዜማ ከኋላዋ ደረሰች፣ ብብቷ ሥር በሁለት እጇ ያዘቻት፣ በቃሽ አለቻት። በቃሽ፣ በቃሽ፣ በቃሽ። እንደ ትልቅ ሰው።

ሳቁ ቆመ። ወጣቷ ወደ ወለሉም አልሄደች፣ ቀጥ ብላም አልቆመች፣ ልጄ ላይ ደገፍ ብላ ቆየች፣ ትንፋሹ ብቻ ይገባል ይወጣል፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አለቻትና ዜማ ወረደች።

አዋረድሽን ይላታል ወንድሟ፣ አልሰማችውም፣ ምን አለችሽ እላታለሁ፣ እሺ በቃኝ አለችኝ፣ ትላለች፣ ከዚያ ወንበሯ ላይ ወጥታ ክንዴን ያዘችና፣ አንቺስ መቼ ነው የምትወድቂው? ምሳ መቼ ነው እንደማለት። ያን ቀን ብጠብቅሽ ብጠብቅሽ እምቢ አልሽ፣ አሁንም እጠብቅሻለሁ።

ሰባት ወር። ወጥ ስሠራ ከኋላዬ፣ አልጋ ሳነጥፍ ከኋላዬ፣ ዞር በይ ዜማ፣ አትደናቀፊብኝ እያልሁ ስገፋት የከረምሁት፣ ለካ ልትይዘኝ ቆማ ነው። አፈርሁ። እሱ ከሞተ ወዲህ ምንም ተሰምቶኝ አያውቅም፣ ይኼ ግን ተሰማኝ፣ አፈርሁ።

ዳንሱ ቀጥሏል፣ አላየውም፣ እንባ ይመጣ እንደሆነ ጠበቅሁ፣ የለም፣ ትከሻዬን ግን ጥቂት ለቀቅሁባት፣ ደግሞ ጥቂት፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እግሯን ከፈት አድርጋ ወንበሩ ላይ ተከለች፣ ከበድሁሽ? እላታለሁ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ አልከበድሽም፣ ትለኛለች፣ ጨምሪ።