መስመሩን የሚቆርጠው ማን ነው?

የመማሪያ መጻሕፍት አርታዒው ቶሎ ቱግ የሚል ሰው ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ምክንያት አላጣም። የአዲሱን መጽሐፍ ገጾች በስልክ መስመር ሌላ ከተማ ወዳለ ማተሚያ ቤት እየላከ ነው። ከኮምፒውተሩ ጎን የተቀመጠው ሞደም ይጮሃል፣ ያንቋርራል፣ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ከዚያ መንገድ ላይ ቀጥ።

«እነዚህ የስልክ መሥሪያ ቤት ሰዎች!» አለ ጠረጴዛውን በቡጢ እየመታ። «ሂሳብ ለመጠየቅ ሲሆን መስመራቸው አንድ ቀን ተቆርጦ አያውቅም!»

ሳሎን የተቀመጡት አማቱ አንገታቸውን አሰገጉ። ከጠዋት ጀምሮ የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው። ትንሿ ልጃቸው ምጥ ላይ ናት፤ ትልቋ፣ የእሱ ሚስት፣ አብራት ሆስፒታል ሄዳ «እንደወለደች እደውላለሁ» ብላለች። ለስልኩም ለሞደሙም ያለው መስመር ግን አንድ ነው።

«ልጄ፣ ያ ዕቃ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚንጫጫው?»

«ከወዲያኛው ሞደም ጋር እየተነጋገረ ነው፣ እማማ።»

«ይሄ ንግግር ነው? እኔስ ጠብ መስሎኝ ልገላግል ነበር።»

ሳቁ አመለጠው። «ትንሽ ይታገሡኝ፤ ልጨርስ ነው።»

እንደገና ሞከረ። ጩኸቱ ጋብ አለ፣ ገጾቹ መሄድ ጀመሩ፣ ተቆረጠ። በመሥሪያ ቤቱ ላይ የሚያወርደውን ስድብ እያሰላሰለ ወደ ሳሎን ብቅ ሲል፣ አማቱ የስልኩን እጀታ በቀስታ መልሰው ሲያስቀምጡ ደረሰባቸው።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ጨርሰህ እንደሆን ብዬ አዳመጥኩ። ምንም አልተናገርኩም እኮ፤ ትንፋሼን ውጬ ነው።»

«ሲያነሱት እኮ ነው የሚቆረጠው! ሁለተኛ እንዳይነኩት!»

እጃቸውን ሹራባቸው ውስጥ ከተቱ።

የሚልከው መጽሐፍ ስለ ስልክ አሠራር አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው፤ ለልጆች እንዲገባ ስንቴ አቃንቶታል። ሳሎን ተቀምጠው ስለ ልጃቸው ለሚጨነቁት ሴት ግን አንዲት ቃል አላስረዳም። አሁንም የቀለለው እሳቸው ላይ መጮህ ነው። በራሱ ተናደደ፤ ንዴቱ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታውን አገኘ።

ተመልሶ የሞደሙን ገመድ ነቀለ። ማተሚያ ቤቱ ይጠብቅ፤ ካልጠበቀም ነገ ገጾቹን በዲስኬት ይዞ በአውቶቡስ ይሄዳል። መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። እሳቸው ስልኩን አዩ፣ እሱን አዩ፤ እጃቸው ከሹራባቸው አልወጣም።

«ላንሳው?»

«ያንሱት እንጂ፣ እማማ!»

«እንዳይቆረጥብህ።»

«ነቅዬዋለሁ። ሁሉንም ነቅዬዋለሁ፤ ያንሱት!»

በሁለት እጃቸው አነሱት፤ ዝም ብለው አዳመጡ። ሚስቱ «ሃሎ! ሃሎ!» ስትል እሱ ዘንድ ድረስ ይሰማል።

«ይናገሩ እንጂ!»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

እንኳን ደስ ያለሽ ሊል እጁን ወደ እጀታው ዘረጋ። አላዩትም። ጀርባቸውን ሰጥተውት ስለ ፀጉሯ፣ ስለ ክብደቷ፣ ማንን እንደምትመስል መጠየቁን ተያያዙት።