መስታወት የሌለው ክፍል

አሰገደች የአምስተኛ "ሀ"ን በር ከፍታ አንገቷን ስታስገባ የታፈነ ሙቀት ፊቷን መታት። ከወንበሮቹ ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው። የመጡትም ልጆች ቢሆኑ ይስላሉ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበለዋል። የበሩን ሥር ክፍተት አንድ አሳቢ በአሮጌ ጆንያ ወትፎታል። የመስኮቶቹ መስታወት በልጆቹ ትንፋሽ አልቦት ውሃው ወደ ታች ይንጠባጠባል።

"ሌሎቹስ የት አሉ?" አለች።

"ጉንፋን ይዟቸዋል፣ ቲቸር" አሉ በአንድ ድምፅ።

ዓይኗ ሳታስበው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሄደ። የራሷ ልጅ መሲ በቀይ ሻርፕ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። አልሳለችም፤ እስካሁን።

በሩን ዘግታ ወደ አምስተኛ "ለ" አለፈችና ደፉ ላይ ቆማ ቀረች። ክፍሉ ሞልቷል። የመስኮቶቹን መስታወት የክረምቱ በረዶ አርግፎት ማንም አልተካውም፤ የደጋዋ ከተማ የጽድ አንባ የኅዳር ነፋስ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣል። ልጆቹ ጋቢና ነጠላ ተከናንበው፣ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አፍንጫቸው ቀልቷል። የሚስል ግን የለም።

"ለምን?" አለች አሰገደች ጮክ ብላ።

ልጆቹ ሳቁ። ይህችን ቃል ያውቋታል። ርዕሰ መምህርት ከመሆኗ በፊት ሳይንስ ስታስተምር "እትዬ ለምን" የሚል ስም ወጥቶላት ነበር፤ ስሙ ከሹመቷ ጋር አብሮ አደገ። ባሏ እንኳ "አንቺ እኮ ሰው ሞተ ሲሉሽ፣ ለምን ሞተ ሳትይ አታለቅሺም" ይላታል። እውነቱን ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚለውን ተረት የሚተርት ብዙ ነው፤ ሥሩ ድረስ ካልሄድኩ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ግን እንደሷ ጥቂት ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ገርሟት ብቻ ታልፈው ነበር። ትናንት ግን ወረዳው የየትምህርት ቤቱን ርዕሳነ መምህራን ሰብስቦ ነበር። አንደኛው አጀንዳ ከደብረ ማርቆስ ሽቅብ እየወጣ ስላለው ከባድ ጉንፋን ነው፤ ሁለተኛው ስለ በጀት። የወረዳው ባለሙያ አቶ ዘማርያም በመጀመሪያው አጀንዳ ሳሙና ይዘጋጅ፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይቀመጥ፣ ተማሪ አይጨናነቅ አለ። ሻይ ተጠጣ። በሁለተኛው አጀንዳ የሳሙናው በጀት ተሰረዘ፣ ውሃ የምትቀዳው ሠራተኛ ተቀነሰች፣ የኮንትራት መምህራን ተሰናበቱና መምህር ያጡ ክፍሎች እርስ በርስ እንዲቀላቀሉ ታዘዘ።

"አቶ ዘማርያም፣ ከሻይ በፊት የሰጡንን ከሻይ በኋላ ወሰዱብን እኮ" አለች አሰገደች።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዘማርያምም ሳቀ፤ ክፉ ሰው አይደለም።

"ምን ላድርግ፣ እትዬ አሰገደች? ሁለቱም ከላይ የመጣ ነው። ልጆቹን በየትኛው ክፍል እንደሚቀላቅሉ እርስዎ ይወስኑ። ሰኞ ይጀመር ብቻ።"

የአምስተኛ "ለ" መምህር ከተሰናበቱት አንዱ ነው። ስለዚህ "ሀ" እና "ለ" ሰኞ አንድ ይሆናሉ። ሁለቱም ክፍሎች ሰፋፊ ናቸው፤ በየትኛው ይቀላቀሉ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። መስታወት ያለው ክፍል እያለ ልጅን ነፋስ ላይ የሚያስቀምጥ ማን ነው? እሷም እስከዛሬ ጠዋት እንደዚያው ታስብ ነበር።

በእረፍት ሰዓት የ"ለ"ን ልጆች ሰብስባ ጠየቀች።

"ፌጦ የምትበሉ እጅ አውጡ።"

ሁሉም እጁን አወጣ። ነጭ ሽንኩርትም ጠየቀች፤ እንደዚያው። "ሀ" ሄዳ ስትጠይቅ እዚያም ሁሉም እጁን አወጣ። ፌጦ እየበሉ ነው የሚስሉት። የመጡበትን ጎጥ ጠየቀች፤ ሁለቱም ክፍል ከሁሉም ጎጥ የመጣ ነው። ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻው የተቃጠለው ለሁሉም በአንድ ግቢ ነው፤ ጭሱ ለይቶ የማረው የለም። ቢሮዋ ገብታ ስልኳን አነሳችና አብራት የተማረችው፣ አሁን ይጁቤ ከተማ ርዕሰ መምህርት የሆነችው ረውዳ ጋ ደወለች።

"ረውዳዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከክፍሎችሽ ሁሉ ሳል የሌለበት የትኛው ነው?"

"ሰው የታመመውን ይጠይቃል፣ አንቺ ደህና ያለውን" አለች ረውዳ እየሳቀች። "ቆይ እስኪ... ዳስ ውስጥ ያሉት ናቸው። ክፍል ጠቦን ውጭ በቅጠል ዳስ የሚማሩት። የፈራሁት ለእነሱ ነበር፤ እነሱ ደህና ናቸው።"

"ለምን ይመስልሻል?"

"አላህ ያውቃል። ብርዱ አጠንክሯቸው ይሆናል።"

"ብርዱ ሳይሆን አየሩ ቢሆንስ? አንዱ ያስነጠሰውን ሌላው ወደ ውስጥ ሳይስበው ነፋስ ጠርጎ እየወሰደው ቢሆንስ?"

"ሊሆን ይችላል" አለች ረውዳ። "ግን ይህን ለወላጆች እንዳትናገሪ። ልጆቻችንን ለብርድ ልትሰጪ ነው ብለው ይነሱብሻል።"

እውነቷን ነው። በዚህ አገር ጅብን የማይፈራ ይገኛል፤ ነፋስን የማይፈራ አይገኝም። በሚኒባስ ሰው ታፍኖ ላብ ሲያጠምቀው እንኳ መስኮት የከፈተ መንገደኛ እንደ ጠላት ነው የሚታየው። "ዝጋው፣ ብርድ ሊመታን ነው" የሚል ድምፅ ከኋላ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ያ ድምፅ የራሷ የአሰገደች ነበር። ዓምና መሲን ሳንባ ምች ይዟት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አስተኝተዋት ከተመለሱ ወዲህማ የቤቷን መስኮት ቀን እንኳ አትከፍትም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ባጃጅ ግቢው ውስጥ ገብቶ ቆመ። የከተማዋ ባለሱቅ አብዱልቃኒ በጥንቃቄ የታሸገ መስታወት ይዞ ወረደ። በመስከረም ቃል ገብቶ ነበር፤ ቃሉን አከበረ።

"ይኸው፣ ርዕሰ መምህርት። ከሰኞ በፊት እናስገጥመዋለን። ልጆቹ በብርድ አለቁ እኮ።"

አሰገደች ልታመሰግነው አፏን ከፍታ ሌላ ነገር ትዝ አላት። የአብዱልቃኒ ልጆች መንታ ናቸው፤ ጀነት "ለ" ትማራለች፣ ዑበይዱላህ "ሀ"።

"ልጆቹ እንዴት ናቸው?"

"ዑበይዱላህ ተኝቷል፤ ሦስት ቀኑ። ጀነት አልሐምዱሊላህ ደህና ናት።"

"አንድ ቤት ያደሩ፣ ከአንድ ሳህን የበሉ አይደሉም?"

"አንድ ቤት ነው እንጂ። ምነው?"

ነገረችው። አብዱልቃኒ መስታወቱን በእጁ ደግፎ እንደያዘ ሰማት። ፊቱ መጀመሪያ ጠቆረ።

"ስጦታዬን እየመለሱብኝ ነው?"

"አልመለስኩም። ይቆይልኝ ነው የምለው። ጉንፋኑ እስኪያልፍ።"

አብዱልቃኒ ነጋዴ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ አሰበ። "እሽጉ አልተከፈተም። የገዛሁበት ሰው ወዳጄ ነው፣ ይመልስልኛል። በምትኩ ሳሙናና የውሃ በርሜል ባመጣስ?"

"ያቶ ዘማርያምን አንደኛ አጀንዳ እርስዎ መለሱልን" አለች፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

ሳቁ ግን አልሰነበተም። መስታወት በር ድረስ መጥቶ ተመለሰ የሚለው ወሬ ከባጃጁ ቀድሞ ከተማ ገባ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጅ ሁሉ ነጠላውን እንዳጣፋ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ከፊት የተቀመጡት የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ መሳፍንት ናቸው። የመጨረሻ ልጃቸው አምስተኛ "ሀ" ነው የሚማረው፤ በሽታው እሱን እስካሁን አልነካውም።

"መስታወቱን መለሽው የተባለው እውነት ነው?" አሉ።

"እውነት ነው፣ ጋሽ መሳፍንት።"

"አንቺ ለምን ማለት ትወጃለሽ። እስኪ ዛሬ እኛ እንበልሽ። ለምን?"

ሰው ሳቀ፤ የሚያጽናና ሳቅ ግን አልነበረም። አሰገደች ያየችውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ሁለቱን ክፍሎች፣ የይጁቤን ዳስ፣ የአብዱልቃኒን መንታዎች።

"ጎጆ ውስጥ እርጥብ እንጨት ነዶ በሩ ቢዘጋ ጭሱ የት ይሄዳል? ዓይናችን ውስጥ ነው። የታመመ ልጅ ትንፋሽም እንደዚያው ነው። አይታይም እንጂ ከክፍሉ አይወጣም። ለዚህ ነው ሁሉም ነገ 'ለ' ይግቡ የምለው።"

"ብርዱ ራሱ ቢገድላቸውስ?" አለች ከኋላ አንዲት እናት።

"ደርበን እናለብሳቸዋለን። በየመሀሉ እየተነሱ ይዘላሉ።"

መሳፍንት እጃቸውን አንስተው ሰውን ዝም አሰኙ። የነገርን ክብደት የሚመዝኑ ሰው ናቸው። "የምትይው እውነት ይመስላል። እርግጠኛ ነሽ ወይ?"

አዎ ብትል ነገሩ ያበቃ ነበር። ሰው ርዕሰ መምህርት ናት፣ ተምራለች ብሎ በሆዱ እያጉረመረመም ቢሆን ይበተን ነበር።

"እርግጠኛ አይደለሁም" አለች። "ጥርጣሬ ነው። ሁለት ክፍልና አንድ ዳስ አይቶ እርግጠኛ ነኝ የሚል ሰው ውሸታም ነው። ግን 'ሀ' ውስጥ ካስገባናቸው የሚሆነውን አሁንም እያየነው ነው።"

ግቢው ተንጫጫ። መሳፍንት ተነሱ።

"በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ። ያንቺም ልጅ ሳንባዋ ደካማ ነው፤ ዓምና ስትጨነቂ አብረን ተጨንቀናል። እኔ ነገ ልጄን ይዤ እመጣለሁ። አይቼ ነው የማስገባው፤ ካልሆነ ይዤው እመለሳለሁ።"

ምን እንደሚያዩ አልተናገሩም። ሁሉም ግን ገባው፤ የርዕሰ መምህርቷ ልጅ የት እንደምትቀመጥ ነው። መሳፍንት ልጃቸውን ይዘው ከተመለሱ ግማሹ ወላጅ ተከትሏቸው ይመለሳል፤ ትምህርት ቤቱ በጉንፋኑ ሳይሆን በፍርሃት ይዘጋል።

ሰኞ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ጋግሯል። ባሏ ድረስ የመሲን ጫማ ያስርላት ነበር።

"ዛሬ ቤት ትዋል" አለ ቀና ሳይል። "አንድ ሳምንት ብቻ። ማንም አይቀየምሽም።"

"ሌሎቹስ?"

"የሌሎቹ ሳንባ እንደሷ አይደለም፣ አሰጉ። አንቺም ታውቂዋለሽ።"

ታውቀዋለች። ለመሲ ሹራብ በሹራብ ላይ ደረበችላት፣ የራሷን ጋቢ አከናነበቻትና እጇን ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ አንድ ሐሳብ መጣላት፤ ከበሩ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ነፋስ የማይደርስበት አንድ ወንበር አለ። እዚያ ትቀመጥ። ክፍሉ ውስጥ እስከሆነች ድረስ ቃሌን አላጠፍኩም አለች በልቧ። ቀለል አላት።

በሩ ላይ የአብዱልቃኒ በርሜል ቆሟል። ጀነት በአዲሱ ሳሙና እጇን አረፋ አልብሳ ለሌሎቹ ተራ አስይዛ ነበር። አሰገደች መሲን ጥጉ ላይ አስቀምጣ ልጆቹ ሲገቡ ቆማ ታይ ጀመር። ቀድሞ የደረሰ ሁሉ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። የመስኮቱ ሥር ወንበሮች ለኋለኞቹ ተረፉ። የኋለኞቹ ደግሞ ከሩቅ ጎጥ በእግራቸው የመጡት ናቸው። አንዲት ክርኗ የተቀደደ ስስ ሹራብ የለበሰች ልጅ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

ለምን? አለች አሰገደች። ድምፅ አላወጣችም፤ የሚስቅም አልነበረም። ነፋሱ የሚጠቅም ከሆነ የኔ ልጅ ለምን ጥግ ተደበቀች? የሚጎዳ ከሆነ ይህች ልጅ ለምን እዚህ ተቀመጠች? ዕድሜዋን ሁሉ ሰውን የጠየቀችው ጥያቄ ዞሮ ራሷን ያዛት፤ አፈረች። ፈራችም። የዓምናው የመሲ ትንፋሽ፣ ያ ሲር ሲር የሚለው፣ ጆሮዋ ውስጥ ነበር።

"ጋቢ ያለው ወደ መስኮት ይምጣ" አለች። "ጋቢ የሌለው ወደ ግድግዳው። መሲ፣ ደብተርሽን ያዢና ነይ።"

መሲ ከጥጉ ቀና አለች። "ለምን፣ እማ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አሰገደች አልሳቀችም። ባለ ስስ ሹራቧን ልጅ በትከሻዋ ይዛ ወደ ጥጉ አሻገረቻት፤ መሲን መስኮቱ ሥር አስቀመጠችና የጋቢውን ጫፍ አንገቷ ላይ አጥብቃ ጠቀለለችላት።

"አላውቅም፣ ልጄ" አለቻት። "አብረን እናየዋለን።"

ቀና ስትል ጋሽ መሳፍንት ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላወቀችም። ነፋሱ የመሲን ጋቢ ሲያርገበግበው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ልጃቸውን አከናነቡት።

"ዓርብ ተመልሼ እመጣለሁ" አሉ። "መሲ ትስል እንደሆነ ልሰማ።"

"እኔም እሰማለሁ፣ ጋሽ መሳፍንት" አለች አሰገደች። ልጁን ተቀብላ ከመሲ አጠገብ አስቀመጠችው።