የትኛው እጇ ነው?

"አትነቃነቂ እናትዬ፣ ትንሽ ነው የቀረው" አለች ማዘንጊያ የልጇን እግር በሁለት እጇ ይዛ።

የሆስፒታሉ ምስል ማንሻ ማሽን ወፋን እስከ ደረቷ ውጦ፣ ቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይንጓጓል። የሰባት ዓመቷ ልጅ ግን ጨክና ዝም ብላለች። ልጅ የታመመበት ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለው ዝምታ ከለቅሶ ይብሳል። ከበሩ ውጭ የአባቷ እናት ሀቦባ ሀዋ፣ ማሽኑ ብረት አይወድም ተብሎ ከልጅቷ አንገት የወለቀውን ክታብ ጨብጠው ተቀምጠዋል።

የሚጥል በሽታ ወፋን ከጀመራት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ተሞከረላት፤ አንዱም አልበጃትም። ትምህርት ቤቱም እስኪሻላት ቤቷ ትቆይ ብሏል። የቀረው ተስፋ ይህ የጭንቅላት ምስል ነበር።

ከቀትር በኋላ ዶክተር ሉጥፊያ ምስሉን ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ ጠራቻቸው። በግራ በኩል የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ጠባሳ አሳየቻቸው። ማዘንጊያ እፎይ አለች፤ ሌባው የተያዘ መስሏት ነበር።

"ኡም ወፋ" አለቻት ዶክተሯ በልጇ ስም ጠርታ፣ "ጠባሳው ይኸው። የሚጥላት እሱ ይሁን ሌላ ግን ገና አላወቅሁም። ሲጀምራት ቀድሞ የሚንቀጠቀጠው የትኛው እጇ ነው?"

ማዘንጊያ አማቷን አየች። አማቷም እሷን።

"ቀኝ እጅን የሚያዘው የግራው አንጎል ነው። ቀኙ ከሆነ ከጠባሳው ነው፤ የሚሆናትን መድኃኒት አውቀዋለሁ። ሁለቱም እኩል የሚጀምሩ ከሆነ ግን ያው መድኃኒት ሊያባብስባት ይችላል።"

"አላየሁም።"

"ዓይኗስ ወዴት ይዞራል?"

"ዶክተር፣ እኛ እንሸፍናታለን" አለች ማዘንጊያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

እውነቷን ነው። አግብታ ወደ ባሏ አገር ከመምጣቷ በፊት፣ አገሯ ሳለች ያየችው እንዲሁ ነበር፤ የወደቀ ሰው ገመናው እንዳይታይ ይሸፈናል። ሀቦባ ሀዋም ከወንዙ ማዶ፣ ኦምዱርማን ከተማ ውስጥ ያደጉት በዚሁ ነው። በጨው በበርበሬ የማይስማሙት አማትና ምራት በዚህ አንድ ነበሩ። ልጅቷ ፈዘዝ ስትል የቀደመችው ገላዋ ላይ የጠመጠመችውን የቶቧን ጫፍ ጣል ታደርግባታለች፤ ከዚያ እስኪያልፍ ሁለቱም ፊታቸውን ያዞራሉ። ለክብሯ ብለው ነው እንጂ ጨክነው አይደለም። ዶክተሯም አልተቆጣቻቸውም። ማሽኑ ቦታውን ብቻ ነው የሚነግረኝ፣ ቀሪውን የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ ብላ ሸኘቻቸው።

ወደ ኦምዱርማን በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ሀቦባ ሀዋ ክታቡን መልሰው አሰሩላት። ምንም ቢሆን በሰው ፊት እንዳትገልጫት፣ ነገ ባል የምታገባ ልጅ ናት አሉ።

ድልድዩ መሃል ሲደርሱ ወፋ ወንዙ ላይ ያለችውን ጀልባ እያሳየች ታወራ ነበር። ቃሏ በመሃል ቆመ።

ማዘንጊያ ጭኗ ላይ በጎን አስተኛቻት። ከኋላ ያለ ተሳፋሪ ቢስሚላህ አለ፤ አንዲት ሴት ሸፍኗት፣ ሸፍኗት እያለች ተነሳች። የሀቦባ ሀዋ ቶብ ጫፍ የልጅቷ ፊት ላይ አረፈ። ማዘንጊያ አነሳችው።

"ሀቦባ፣ ይተዉ።"

"ሰው እያያት ነው፣ ልጄ።"

"ይያት። እኔም ልያት።"

አየቻትም። ሁለት ዓመት ስትሸሸው የኖረችው ፊት የልጇ ፊት ነበር፤ ሌላ አልነበረም። ዓይኗ ወደ ቀኝ ሸሽቷል፣ የከንፈሯ ጫፍ ይሳባል። ማዘንጊያ እንባዋን በትከሻዋ ጠረገችና እጆቿን ተመለከተች።

ሀቦባ ሀዋ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ተሳፋሪው አዙረው ቶባቸውን በሁለት እጃቸው እንደ መጋረጃ ዘረጉት፤ እናትና ልጅ ከጀርባቸው ቀሩ።

"የትኛው ነው?" አሉ ሳይዞሩ።

"ቀኙ፣ ሀቦባ። አውራ ጣቷ ነው የጀመረው። ግራው እስካሁን ዝም ብሏል።"

"ደህና አድርገሽ እዪ" አሉ አሮጊቷ። ቶቡን እንደዘረጉም አንገታቸውን ዘወር አድርገው እሳቸውም አዩ።