የሦስት ወር ነፋስ

ሦስት ወር ሙሉ ነፋሱን የለካ ሰው አልነበረም፤ ቁጥሩ ግን አለ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቅንጣት ባልተንቀጠቀጠ እጅ የተጻፈ ቁጥር።

መሐንዲሷ እዚህ የደረሰችው ጥፋት ስትፈልግ አይደለም። የታዳሽ ኃይል ቀጠናውን የሚያቅደው መሥሪያ ቤቷ የሚተክለው አንድ ማከፋፈያ ጣቢያና አንድ የከፍተኛ ኃይል መስመር ብቻ ነበር። የታጩት ቦታዎች ደግሞ ሁለት ናቸው፤ የምዕራቡ ኮረብታና የምሥራቁ ሜዳ። ደንቡ ሁለት ዓመት ያልተቋረጠ የነፋስ ልኬት ይላል። ኮረብታው ነፋሳም ስለሆነ የሁሉም ልብ ወደዚያ አድልቷል። የእሷ ድርሻ መስመሩ ምን ያህል ኃይል መሸከም እንዳለበት ማስላት ነበር። ለዚሁ ብላ የኮረብታውን ሁለት ዓመት አንዱን በሌላው ላይ ደርባ በግራፍ ስትስል፣ ከአንድ ቦታ በኋላ ሁለቱ መስመሮች ለሦስት ወር ያህል ተመሳሰሉ። አንዱን በአንድ ቀን ገፋ ብታደርገው ልክክ ብለው ገጠሙ። ነፋስ ራሱን አይደግምም። የሚደግመው ሰው ነው።

ከመዝገቡ ሉህ ሥር ስም የለም፤ ፊርማ ብቻ። ያ ፊርማ አሥራ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ካርዷ ላይ ሲፈረም ያየችው ነው። መዝጋቢው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራ ከኮረብታው ሥር ወዳለችው ከተማ፣ ወደ አባቷ ሄደች። ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ከሩቅ አያት።

«ነይ እስቲ፣ የነፋስ ጠባቂው ልጅ! አባትሽ ዛሬም አንድ ነፋስ አላስመለጠም!»

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ግማሽ ራሱ ተላጭቷል፤ ግማሹ እንደነበረ ነው። መብራት ሄዶበታል።

«ቆየ እንዴ ከሄደ?» አለች።

«ኧረ እሱን ትናንት ነው የጀመርኩት» አለ አስተካካዩ። ሰውዬው ራሱ ሳቀ። «ጣቢያው ሲተከል ይሄ ጉድ ያበቃል። ሁለተኛ ወንበር አዝዣለሁ። ጎረቤቴ አናጢውም የኤሌክትሪክ መጋዝ ሊያስገባ ነው። ሐሙስ ነው አይደል የሚወሰነው?»

«ሐሙስ ነው።»

«በይ፣ አንቺ እያለሽልን ምን እንሆናለን!»

መንገዱን ተሻገረች።

አባቷ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ኮረብታው ላይ ያለውን አውቶማቲክ መዝጋቢ መሣሪያ መብረቅ ሲያቃጥለው፣ መለዋወጫው እስኪመጣ ቁጥሩን ከነፋስ መለኪያው ላይ በዓይኑ እያነበበ እንዲጽፍ ቀጠሩት። መለዋወጫው እስከ ዛሬ አልመጣም።

«ምነው ሳትነግሪኝ? አሞሽ ነው?»

«ደህና ነኝ አባባ።» ሁለቱን ሉሆች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋችለት።

መነጽሩን አደረገ። ፈተና እንደሚያርም ሰው ጣቱን በቁጥሮቹ ላይ ቁልቁል ማውረድ ጀመረ። መሃል ላይ ጣቱ ቆመ።

«አንድ ቀን ገፋ አድርጌው ነበር» አለ።

«አይቼዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ነጥብ ረስተህ አራት ነጥብ ሁለቱን አርባ ሁለት ብለሃል። ያኛውም ዓመት አርባ ሁለት ነው የሚለው።»

«ኮራጅ ስህተቱንም ይኮርጃል።» ለተማሪዎቹ የሚላት ነገር ነበረች። ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

«ለምን አባባ?» አለችው፤ መልሱን ግን ወሮቹን ስታይ አውቃዋለች።

«እናትሽን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነበረብኝ። ነርሷ አንድ፣ በሽተኛው አርባ። ከሆስፒታሉ ኮረብታው ድረስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሁለት ቀን ሞከርኩት። በሁለተኛው ቀን ስመለስ ጀርባዋ ቆስሎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ ነፋሱ ቢነፍስ ባይነፍስ ትዝም አላለኝ።»

«ለምን አልጠራኸኝም?»

«ደውዬልሽ ነበር እኮ።»

ደውሎላት ነበር። ፈተና ላይ ነኝ፣ ስጨርስ እመጣለሁ ብላዋለች። ፈተናው ሁለት ሳምንት ነው የፈጀው፤ ሦስት ወር አልፈጀም። ፈተናውን ስትጨርስ መሥሪያ ቤቱ ለተግባር ልምምድ ተቀበላት፤ ገና ከመግባቴ ፈቃድ ብጠይቅ ምን ይሉኛል ብላ ዛሬ ነገ ስትል ቀኑ ነጎደ። እናቷ ልትሞት አራት ቀን ሲቀራት ደረሰች። ያኔ እናቷ ሰው አትለይም ነበር።

አባቷ ይህን አላነሳም። ቢያነሳው ይቀላት ነበር።

«ነፋሱ እኮ ውሸት አይደለም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ውጪና ቁሚበት፣ ገፍትሮ ይጥልሻል። ከተማው በሙሉ ይሄን ጣቢያ ነው የሚጠብቀው። ሦስት ወር ናት። ማን ያያታል?»

«እኔ አየኋት።»

«አንቺ ልጄ ነሽ።»

«መስመሩ የሚዘረጋው በዚህ ቁጥር ልክ ነው። ያ ዓመት ነፋሱ ደካማ ከነበረ መስመሩ ባዶውን ተገትሮ ይቀራል። የምሥራቁ ሜዳ ሰዎች ደግሞ ዕድላቸውን በከንቱ ተነጠቁ ማለት ነው። እነሱም ሰዎች ናቸው አባባ።»

«ከነሱ የአንዱን ስም ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«የኛን ግን ታውቂያለሽ።»

ሉሆቹን ሰበሰበች። እጁ እንደተዘረጋ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«ምሳ ሳትበይ?»

«አውቶቡሱ ያመልጠኛል» አለች። የሚቀጥለው አውቶቡስ በዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሐሙስ ስብሰባው ላይ ነገሩን በአራት ዓረፍተ ነገር ተናገረችው። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዱ «ከሁለት ዓመት ሦስት ወር ምን አላት?» አለ፤ ደንብ ደንብ ነውና ተከራክሮ የገፋበት የለም። የቀጠናው ድንበር ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ካርታ በእርሳስ ተሰምሯል። አለቃዋ ላጲስ አንስቶ የምዕራቡን ጎን ጠረገና ከኮረብታው ወዲህ አዲስ መስመር አሰመረ። የአባቷ ከተማ የጣት ስፋት ያህል ውጭ ቀረች። ይህ ሁሉ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ሌሎቹ ሲወጡ አለቃው አስቀራት።

«ለመዝጋቢው የጥፋት ደብዳቤ ይጻፍለታል። ሰውዬውን ታውቂዋለሽ?»

«አባቴ ነው።»

አለቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ደግ ሰው ነው፤ ወዲያው መልሶ አነሳው። «ምክንያቱን ንገሪኝ። በቂ ምክንያት ካለው ይቀልለታል።»

«ሚስቱን ሆስፒታል ያስታምም ነበር። አረፈች።»

«ውይ፣ እናትሽ! ነፍስ ይማር።» ጻፈ። ቀና ብሎ፣ «ሌላ የሚያስታምም ዘመድ አልነበረም ብዬ ልጨምርበት? እንዲያ ከሆነ ማንም አይፈርድበትም።»

ግድግዳው ላይ ወዳለው ካርታ ዞረች።

«አንቺማ ያን ጊዜ እዚሁ ተለማማጅ ነበርሽ» አለ እሱ ራሱ፣ ለእሷ መልስ እንደሚያቀብል ሰው። «አንድ ቀን እንኳ አልቀረሽም፤ አስታውሳለሁ። ሁሌ ለሌሎቹ ምሳሌ አደርግሽ ነበር።»

«አዎ።»

«እና? አልነበረም ልበል?»

ሐሰት ነው ብትል አባቷ ላይ ይብሳል። እውነት ነው ማለት ደግሞ እናቷ ልጅ አልነበራትም ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

«አልነበረም ይበሉ» አለች።

ጻፈው፣ ከሥሩም ፈረመበት። እሷ ቦርሳዋን አነሳች፣ ወጣች፣ በሩን ዘጋችው።